ትራጄዲ ማለት አደጋ ማለት ነውን?

ስለ ኀዘን ተውኔትና ስለ ተዋንያኑ፣ ከላቲን ቃላት ጋር የተያያዘ የቋንቋ ትምህርት

የዛሬው ትምህርት የተነሣው ከራሳችን ስሕተት ነው። ስሕተቱን ሳንደብቅ እንንገራችሁና ወደ ትምህርቱ እንለፍ።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከመካከላችን ጥቂቶቹ በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው አቅጣጫ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ሰፈሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አውሮፕላን ሲያልፍ መምህሩ ንግግሩን ያቋርጣል፤ ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። የዕለቱ ርእስ «የድራማ ዓይነቶች» የሚል ነበር። ትራጄዲና ኮሜዲ የሚሉትን ሁለት ቃላት በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍን። «ትራጄዲ ማለት አሳዛኝ ማለት ነው፤ ኮሜዲ ማለት አሥቂኝ ማለት ነው» አልን። ተማሪዎቹ ምሳሌ ጠየቁ። እኛም ብዙ ሳናስብ፣ ጣታችንን ወደ መስኮቱ ቀስረን፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከዚሁ ከቦሌ ተነሥቶ የወደቀውን አውሮፕላን ለምሳሌነት ጠቀስን። በዚህ ጊዜ ከኋላው ረድፍ አንድ ተማሪ ደብተሩን አጠፈና ሳያስፈቅድ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ምን ሆነ?» አልን። ጓደኞቹ ዝም አሉ። ነገሩን የሰማነው በእረፍት ሰዓት ነው። በዚያ በረራ ካለቁት አንዱ የሰፈራቸው ሰው ኖሯል፤ የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ከእነሱ ደጃፍ ፊት ለፊት ነበር። በማግሥቱ ይቅርታ ልንጠይቀው ስንጠጋ ልጁ ያለን ነገር እስካሁን ከጆሯችን አልወጣም። «ቲቸር፣ እሱ እኮ ትያትር አልነበረም» አለን።

እውነቱን ነው። ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ቃል ምሳሌ ስንፈልግ የሰው ለቅሶ ውስጥ ገብተን ወጣን። ከዚያ በኋላ ተሰብስበን «ታዲያ ትራጄዲ ምንድን ነው?» ብለን እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ፣ ከ«አሳዛኝ» የተሻለ መልስ የነበረው ሰው አልተገኘም። አንድ ቃል ለማስተማር ቃሉን ከሥሩ ማወቅ እንደሚያስፈልግ የገባን ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቃሉንና የዘመዶቹን አመጣጥ እንመለከታለን።

፩. የፍየሉ ዜማ

ቃሉ ከመነሻው የግሪክ ነው። ትራጎስ ማለት ፍየል፣ ኦዴ ማለት ዜማ ነው፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ «የፍየል ዜማ» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። ፍየልንና ኀዘንን ምን አገናኛቸው? ለአሸናፊዎቹ የሚሰጠው ሽልማት ፍየል ስለ ነበረ ነው የሚሉ አሉ። በዲዮኒሶስ በዓል ይታረድ የነበረው ፍየል ነው የሚሉም አሉ። ዘማሪዎቹ የፍየል ቆዳ ይለብሱ ስለ ነበር ነው የሚሉም አልጠፉም። ሊቃውንቱ በአንድ መልስ አልተስማሙም፤ እኛም ክፍል ገብተን አንዱን ብቻ «ይህ ነው» ብለን መደምደም አይገባንም።

ሮማውያን ቃሉን ወስደው ትራጎይዲያ አሉት። በኋለኛው ዘመን የላቲን አነጋገር «ኦይ» የሚለው ድምፅ ወደ «ኤ» ተለወጠ፤ ከ«ኤ» በፊት ያለው «ገ»ም ለስልሶ ወደ «ጀ» ሄደ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ወንዱን «ውሰድ» እንለዋለን፤ ሴቷን ስናዝ ግን «ውሰጂ» እንላለን። ከበስተኋላ የመጣው አናባቢ «ደ»ን ወደ «ጀ» ለወጠው ማለት ነው። ዛሬ የምንጽፈው ትራጄዲ የሚለው ቃል ውስጥ ያለችው «ጄ» የዚህ ዓይነት ረዥም ጉዞ ውጤት ናት።

ከዚሁ ሥር የወጡ ሁለት ቃላትን አብረን እንያዝ። ትራጊኩስ ቅጽል ነው፤ «የትራጄዲ የሆነ» ማለት ሲሆን የትራጄዲ ገጣሚም በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር። ትራጎይዱስ ደግሞ ስም ነው፤ ትራጄዲ የሚጫወተው ተዋናይ ማለት ነው። የኮሜዲው ተዋናይ ኮሞይዱስ ይባላል። እንግዲህ ላቲን ለሁለቱ ሙያ ሁለት ስም ነበረው። ሰውን የሚያሥቅና ሰውን የሚያስለቅስ ተዋናይ በአንድ ስም አይጠሩም ነበር ማለት ነው።

፪. በቸነፈር ዘመን የመጣ ጨዋታ

የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪዩስ እንደሚተርከው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ364 ዓመት ሮማን ቸነፈር መታት። ሕዝቡ የአማልክቱን ቁጣ ለማብረድ ከጎረቤት ከኤትሩሪያ በዋሽንት የሚጨፍሩ ሰዎችን አስመጣ። ኤትሩስካውያን ተጫዋችን ኢስቴር ይሉት ነበርና፣ ከዚያ ሂስትሪዮ የሚለው የላቲን ቃል ወጣ ይላል። ሂስትሪዮ ማለት የመድረክ ተጫዋች ማለት ነው፤ ብዙ ሲሆኑ ሂስትሪዮኔስ ይባላሉ። ልብ በሉ፤ እንደዚህ አተራረክ ከሆነ የሮማ መድረክ የተተከለው ሰው በደስታ ሲፈነጥዝ ሳይሆን ሬሳ ሲቀብር ነው።

ጽሑፍ ያለው ድራማ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ240 ዓመት ሊቪዩስ አንድሮኒኩስ የተባለ ሰው ከግሪክ የተመለሰ ተውኔት በላቲን ቋንቋ በሮማ አሳየ። ይህን አንድሮኒኩስ ከላይ ከጠቀስነው ታሪክ ጸሐፊ ጋር እንዳታምታቱት። ግሪካዊ ትውልድ ያለው ሰው ነበር፤ የጥንት ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን መምህርም ነበር። የሆሜርን ኦዲሴያ ወደ ላቲን የመለሰው እሱ ነው፤ መጽሐፉም ለረዥም ዘመን በትምህርት ቤት ተነቧል። የላቲን ትራጄዲ የመጀመሪያው ደራሲ ከእኛው ሙያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ተውኔት የሚታይባቸው በዓላት ሉዲ ይባሉ ነበር፤ ነጠላው ሉዱስ ነው። ሉዱስ ማለት ጨዋታ ማለት ነው። የእኛም ቋንቋ ያደረገው ይህንኑ ነው። ተዋነየ የሚለው የግእዝ ግሥ «ተጫወተ» ማለት ነው፤ ተውኔትም ተዋናይም ከእሱ ወጡ። የጥንቶቹ የአማርኛ ተውኔት ደራሲዎችም ሥራቸውን «ጨዋታ» ይሉት ነበር። የዮፍታሔ ንጉሤን «ጥቅም ያለበት ጨዋታ» የተባለውን ሥራ ለምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። ዮፍታሔም መምህር ነበሩ።

ሉዱስ ግን ሌላ ትርጉም አለው፤ ይህን ለመጨረሻ እናቆየው።

፫. «አክተር አይሞትም»

በልጅነታችን በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ሆነን ፊልም ስናይ አንድ ሕግ ነበረን፤ «አክተር አይሞትም!» ጥይት ቢዘንብ፣ ገደል ቢገባ፣ አክተሩ ይነሣል። ይህ ቃል መነሻው ላቲን ነው። አክቶር የሚለው ቃል «አደረገ፣ ነዳ» ከሚል ግሥ የወጣ ሲሆን «አድራጊ» ማለት ነው። በሮማ ከብት የሚነዳውም፣ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከሰውም፣ መድረክ ላይ የሚጫወተውም አክቶር ይባል ነበር። የሦስቱም ሥራ አንድን ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው መንዳት ነውና ስሙ ለሦስቱም ይስማማል።

ትራጎይዱስ ግን የቪዲዮ ቤቱን ሕግ ያፈረሰ አክተር ነው። የእሱ አክተር ይሞታል፤ ወይም ከሞት የባሰ ነገር ያገኘዋል። ተመልካቹም ይህን ገና ሲገባ ያውቃል። ታሪኩን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሚመጣው ግን አሟሟቱን ሊያይ ነው።

ትራጎይዱስ መድረክ ሲወጣ ሁለት ነገር ያደርጋል። በእግሩ ኮቱርኑስ የሚባል ከፍ ያለ ጫማ፣ በፊቱ ፐርሶና የሚባል ጭምብል። የኮሜዲው ተጫዋች ግን ሶኩስ የሚባል ዝቅ ያለ ቀላል ጫማ ነበረው። በዚህም ምክንያት የሮማ ገጣሚዎች «ኮቱርኑስ» ሲሉ ትራጄዲን፣ «ሶኩስ» ሲሉ ኮሜዲን ማለታቸው ነበር። ጫማው የሙያው ስም ሆነ።

ፐርሶና የሚለውን ቃል አንዳንድ የጥንት ሰዎች «ድምፅ የሚያልፍበት» ብለው ተርጉመውታል። መልካም ትርጓሜ ነው፤ ነገር ግን የዛሬ ሊቃውንት አብዛኛዎቹ ቃሉ ከኤትሩስክ ቋንቋ የመጣ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ በመጀመሪያ ጭምብል የነበረው ቃል ቀስ በቀስ ጭምብሉ የሚወክለው ሰው፣ በመጨረሻም ማንኛውም ሰው ማለት ሆነ። በእኛም ሥነ ጽሑፍ በድራማ ውስጥ ያለውን ሰው ገጸ ባሕርይ እንለዋለን፤ ገጽ ማለት ፊት ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች ከፊት ተነሥተው ወደ ሰው መድረሳቸው ያስገርማል።

ጭምብል ያለ እንጨትና ያለ ጨርቅም ይሠራል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ያዳመጠ ሰው ይህን ያውቃል። አንድ ሰው፣ አንድ ጉሮሮ፤ ነገር ግን ፊታውራሪውም፣ ጉዱ ካሳም፣ ሰብለ ወንጌልም ይሰማሉ። የጥንቶቹ «ድምፅ የሚያልፍበት» ያሉት ትርጓሜ በቃል ታሪክነቱ ባይጸናም፣ ስለ ሙያው የተነገረ እውነት ነው።

የሮማ ተዋንያን ሕይወት ግን አሳዛኝ ነበር። ብዙዎቹ ባሮች ወይም ነጻ የወጡ ባሮች ነበሩ። ሕጉም በመድረክ የሚተዳደረውን ሰው ኢንፋሚያ በሚባል የክብር ጉድለት ይመዘግበው ነበር። ሕዝቡ ማታ ያጨበጭብላቸዋል፤ ጧት ግን እኩል አይቆምላቸውም። በእኛ አገር አዝማሪ የሚለው ስም ስድብ ሆኖ የቆየበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እንዲህም ሆኖ አይሶፑስ የሚባለው ትራጎይዱስ በቄቄሮ ዘመን ታላቅ ስምና ሀብት አግኝቶ ነበር። በትራጄዲ የሴቶቹን ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ በአገራችንም በዘመናዊ ትያትር መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ነበር።

፬. ፋቡላና ልብሱ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ርእስ በላቲን ቃል የሚጀምር መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል? በ1910ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ፋቡላ በላቲን «ተናገረ» ከሚል ግሥ የወጣ ሲሆን ወሬም፣ ተረትም፣ ተውኔትም ማለት ነው። ደራሲው በሩስያ የተማሩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ተውኔታቸው በአውሬዎች ስም የዘመኑን አስተዳደር ጉድለት የሚነቅፍ ስለ ነበር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ኮሜዲያ ብለው የጻፉት ሥራ ለደራሲው መጨረሻው አላሣቀም።

ሮማውያን ፋቡላዎቻቸውን የሚለዩት በልብስ ነበር። ይህ ለክፍል ሥራ እጅግ የሚመች ስለሆነ በደብተራችሁ ያዙት።

ፋቡላ ክሬፒዳታ፤ ከግሪክ ታሪክ የተወሰደ ትራጄዲ። ስሙ ከግሪኮች ጫማ የመጣ ነው።
ፋቡላ ፕራይቴክስታ፤ ከራሳቸው ከሮማውያን ታሪክ የተወሰደ ቁም ነገረኛ ተውኔት። ስሙ ባለሥልጣኖች ከሚለብሱት፣ ጥለቱ ሐምራዊ ከሆነ ልብስ የመጣ ነው።
ፋቡላ ፓሊያታ፤ በግሪኮች ልብስ የሚቀርብ ኮሜዲ።
ፋቡላ ቶጋታ፤ በአገሬው ልብስ፣ በቶጋ፣ የሚቀርብ ኮሜዲ።

እስቲ የእኛን ተውኔቶች በዚህ መልክ እንደርድራቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሷቸው «ኦቴሎ» እና «ሐምሌት» በባዕድ ልብስ የቀረቡ ትራጄዲዎች ናቸውና ከክሬፒዳታ ጎን ይሰለፋሉ። የከበደ ሚካኤል «አኒባል»ም ባለታሪኩ የሮማ ጠላት የነበረው የካርታጎው የጦር መሪ ነውና ከዚያው ይመደባል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የጻፉት ተውኔትና የጸጋዬ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ግን የአገር ታሪክ ስለሆኑ የእኛ ፕራይቴክስታ ናቸው፤ በካባና በቀሚስ ካህናት የሚቀርቡ ማለት ነው። የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ የለየላቸው ቶጋታዎች ናቸው፤ «የሸማ ኮሜዲ» ብንላቸው ያምርባቸዋል።

አንድ የቀረ ቃል አለ። ፕላውቱስ የተባለው የኮሜዲ ደራሲ «አምፊትሩዮ» በተሰኘው ተውኔቱ መግቢያ ላይ፣ በአንድ መድረክ አማልክትም ባሪያም ስለሚገኙ ይህን ሥራ ምን ልበለው ብሎ ተቸገረና ትራጊኮሞይዲያ የሚል ስም አወጣለት። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምናስተምረው «ትራጂ ኮሜዲ» የተወለደው ከዚያ ቀልድ ነው።

፭. አስለቃሿ

ሮማውያን ሰው ሲሞትባቸው ፕራይፊካ የምትባል ሴት በገንዘብ ይቀጥሩ ነበር። ሥራዋ ከለቃሾቹ ፊት ቀድማ የሟቹን ምግባር እየቈጠረች ማስለቀስ ነው። የምታወርደው ዜማ ኔኒያ ይባላል። ትርጉም ያስፈልገዋል? ፕራይፊካ አስለቃሽ ናት፤ ኔኒያ ሙሾ ነው።

ከዚህም አልፎ ታላላቅ ቤተሰቦች የአባቶቻቸውን ፊት በሰም ቀርጸው በቤታቸው ያስቀምጡ ነበር። የቤተሰቡ ሰው ሲሞት በቁመና የሚመሳሰሉ ሰዎች እነዚያን ጭምብሎች አጥልቀው፣ የየሟቹን የማዕርግ ልብስ ለብሰው ከአስከሬኑ ጋር ይሰለፋሉ። የእኛም አባቶች በታላቅ ሰው ለቅሶ ላይ ፈረሱን ከነጭነቱ፣ ጠመንጃውን፣ ልብሱን ያወጡ ነበር። ዛሬም በየሰፈራችን ለቅሶ ላይ የሟቹ ፎቶግራፍ ከፍ ብሎ ይያዛል።

እዚህ ላይ ልጁ ያለንን እናስታውስ፤ «እሱ እኮ ትያትር አልነበረም።» ለቅሶና ትያትር ብዙ ይመሳሰላሉ። በሁለቱም ዜማ አለ፣ መሪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ልብስም አለ። ልዩነታቸው ግን አንድና ትልቅ ነው። ትያትር ሲያልቅ የሞተው ተዋናይ ተነሥቶ እጅ ይነሣል። በለቅሶ ግን የሚነሣ የለም።

፮. ላቲን ለመከራ ስንት ስም አለው?

በክፍል ውስጥ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። «አሳዛኝ» የሆነ ነገር ሁሉ በአንድ ከረጢት ውስጥ የሚገባ መስሎን ነበር። ላቲን ግን ይለያየዋል።

ካሱስ፤ «ወደቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። መውደቅ፣ ድንገተኛ ነገር፣ አደጋ ማለት ነው።
ካላሚታስ፤ የጥንት የሰዋስው ሊቃውንት ከእህል አገዳ ጋር አያይዘውታል። ሰብል ላይ የሚወርድ ጥፋት ማለት ነው፤ በረዶ የመታው፣ ተምች የበላው ማሳ።
ክላዴስ፤ እልቂት፣ በጦርነት የሚደርስ ሽንፈት።
ሉክቱስ፤ ኀዘን፣ ለቅሶ፤ ሰው የተለየው ሰው የሚሸከመው።
ትራጎይዲያ፤ በመድረክ የሚቀርብ ሥራ።

አንድ ሮማዊ ተናጋሪ ትራጎይዲያን ከመድረክ ውጭ ሲጠቀምበት አብዛኛውን ጊዜ ለፌዝ ነበር። በጥቃቅን ነገር ትልቅ ጩኸት የሚያስነሣውን ሰው «ትራጎይዲያ ይሠራል» ይሉት ነበር። ዛሬ ልጆቻችን «ድራማ አትሥሪብኝ» እንደሚሉት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እንመለስ፤ በአክብሮት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 ቁጥር በረራ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች ሁሉ አለቁ። ምርመራው የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚደፍቅ ሥርዓት፣ ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ በመጣ የተሳሳተ መረጃ መነሣሣቱን አሳየ። በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሥርዓተ ቀብር ሲፈጸም ሣጥኖቹ አስከሬን አልነበራቸውም። ይህ ለሟቾቹ ካሱስ፣ ለአገሪቱ ካላሚታስ፣ ለቤተሰቦቻቸው ሉክቱስ ነው። በየጋዜጣው «ትራጄዲ» ተብሏል፤ የዕለት ተዕለት ቋንቋ ነውና ማንንም አንወቅስም። የሥነ ጽሑፍ መምህር ግን በክፍል ውስጥ የትራጄዲ ምሳሌ አድርጎ ሊያቀርበው አይገባም። ለምን ቢባል፣ እነዚያ ሰዎች ተሳፋሪዎችና የሥራ ሰዎች ነበሩ እንጂ ገጸ ባሕርያት አልነበሩም። ወደዚያ መጨረሻ ያደረሳቸው የራሳቸው ምርጫ ወይም ጠባይ አይደለም። ሞታቸው እኛ «ትምህርት» እንድናወጣበት የተደረሰ ሴራ የለውም።

፯. ታዲያ ትራጄዲን ትራጄዲ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ባጭሩ ሦስት ነገር እንበል። አንደኛ፣ ባለታሪኩ ይመርጣል። ሁለተኛ፣ የሚጥለው ነገር ከፍ ካደረገው ጠባይ የተለየ አይደለም። ሦስተኛ፣ ከመውደቁ በፊት ያውቃል፤ እኛም አብረን እናውቃለን።

ዐፄ ቴዎድሮስን ውሰዱ። ከቋራ ተነሥተው የተበታተነችውን አገር ለመሰብሰብ ያበቃቸው የማይታጠፍ ቆራጥነታቸው ነው። ወገናቸውን ያስመረረውና ከእንግሊዝ ጦር ጋር ያጋጠማቸውም ያው ቆራጥነት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ እጅ መስጠትና መሞት ቀርቦላቸው፣ ማን እንደሆኑ እያወቁ መረጡ። ደራሲዎቻችን እየደጋገሙ ወደ እሳቸው የሚመለሱት ኀዘን ስላነሳቸው አይደለም፤ ታሪኩ በራሱ የትራጄዲ አጥንት ስላለው ነው።

አቡነ ጴጥሮስም እንዲሁ። አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠየቁ፤ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የተፈለገችባቸው። እንቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። የጸጋዬ ተውኔት ርእስ «ያቺን ሰዓት» ማለቱ በከንቱ አይደለም። ትራጄዲ ሙሉ ዕድሜን አይፈልግም፤ ምርጫው የሚቈረጥባትን ሰዓት ይፈልጋል።

ለእኛ ለመምህራን ደግሞ ከራሷ ከሮማ አንድ ታሪክ እንጨምር። ሴኔካ የላቲን ትራጄዲ ደራሲ ነበር፤ «ሜዴያ»ንና «ቲዬስቴስ»ን የጻፈ። በሙያው ደግሞ የኔሮ መምህር ነበር። ተማሪው አደገ፣ ንጉሥ ሆነ፣ ትራጎይዱስ ልሁን ብሎም በሕዝብ ፊት ጭምብል አጥልቆ ዘፈነ። በ65 ዓ.ም. ገደማ (በአውሮፓ አቈጣጠር) በአድማ ጠርጥሮ መምህሩ ራሱን እንዲገድል አዘዘ። ትራጄዲ ሲጽፍ የኖረው መምህር በገዛ ተማሪው ትእዛዝ ሞተ። መምህሩ ስለ ጭካኔ የሚጽፈውን ያህል ተማሪው ልብ ውስጥ ያለውን ጭካኔ ለማየት ጊዜ ሰጥቶ ይሆን? ይህን ጥያቄ እኛም ለራሳችን ማቅረብ አለብን፤ ደብተሩን አጥፎ የወጣውን ልጅ ፊት ቀደም ብለን አይተን ቢሆን ኖሮ ምሳሌውን ሳንጨርስ ባቆምን ነበር።

፰. በክፍል ውስጥ እንዴት ይቅረብ?

በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚከተለውን ማድረግ ይቻላል።

በመጀመሪያ «አክተር አይሞትም» የሚለውን አባባል አንሥቶ ተማሪዎቹን ማወያየት። አክተሩ የሞተበት ምን ታሪክ ታውቃላችሁ? ብሎ መጠየቅ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚጠራ ተማሪ መቼም አይጠፋም።

ቀጥሎ ሦስቱን ነጥቦች፣ ማለትም ምርጫን፣ ጠባይንና ማወቅን በሰሌዳው ላይ ጽፎ ታሪኩን በእነሱ መመዘን።

በመጨረሻም አደጋ፣ እልቂት፣ ኀዘንና ትራጄዲ የሚሉትን ቃላት ለይቶ በዐረፍተ ነገር ማስገባት። ምሳሌው ከመጽሐፍ ወይም ከመድረክ ይሁን። ከሰፈር፣ ከጋዜጣ፣ ከትናንት ወዲያ ለቅሶ አይሁን። በክፍላችን ካሉት ተማሪዎች መካከል ማን ምን እንደ ደረሰበት አናውቅምና።

መልመጃ

1. ትራጎይዱስና ሂስትሪዮ የሚሉት ቃላት በትርጉም እንዴት ይለያያሉ?
2. «ፐርሶና» እና «ገጸ ባሕርይ» የሚሉትን ቃላት አነጻጽሩ።
3. ያነበባችሁትን ወይም ያያችሁትን አንድ የአማርኛ ተውኔት ከአራቱ የፋቡላ ዓይነቶች በአንዱ መድቡ፤ ምክንያታችሁን ግለጹ።
4. ካሱስ፣ ካላሚታስ፣ ክላዴስና ሉክቱስ ለሚሉት ቃላት በአካባቢያችሁ የሚነገር የአማርኛ ቃል ፈልጉ።
5. «ትራጄዲ» ለሚለው ቃል አማርኛ ብታወጡለት ምን ትሉታላችሁ? «አሳዛኝ ተውኔት» በቂ ነውን? ለምን?

መልሳችሁን ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ብትሰጡ የተሻሉትን በሚቀጥለው እንለጥፋለን።

ማሳረጊያ

ሉዱስ የሚለውን ቃል ለመጨረሻ አቆይተን ነበር። ሉዱስ ማለት ጨዋታ ነው፤ ሁለተኛው ትርጉሙ ደግሞ ትምህርት ቤት ነው። ሕፃናት ፊደል የሚቈጥሩበትን ቤት ሮማውያን በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር፤ መምህሩም የሉዱስ አለቃ ይባል ነበር። መድረኩና ክፍሉ በአንድ ስም ይጠራሉ ማለት ነው። መምህርም እንደ ተዋናይ በሰው ፊት ይቆማል፣ ድምፁን ያወጣል፣ የሰው ዐይን ያርፍበታል። ነገር ግን የእኛ ተመልካቾች ትኬት ቆርጠው አልገቡም፤ ከየቤታቸው የየራሳቸውን ነገር ተሸክመው ነው የሚመጡት።

ያ ተማሪ በልምምዳችን የመጨረሻ ቀን ተመልሶ ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጠ። የመቅደላውን ታሪክ ስናስተምር እጁን አውጥቶ፣ «ይሄኛው ግን ትራጄዲ ነው» አለ። ስላረመን እናመሰግነዋለን።

ቸር ይግጠመን።